ከአል ዓይን የዘገዩ ሽማግሌዎች

አቡ ዳቢ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሳምራዊት
ኳላ ላምፑር

ይህ ደብዳቤ ሳልሽ ለቅቆሽ፣ ከክፍልሽ ወጥተሽ ንጹሕ አየር ለመቀበል የተፈቀደልሽ ቀን ላይ እንዲደርስሽ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። «ደህና» ስልሽ፣ እናትሽና እኔ በዚህ ወር ያደረግነው የኮሮና ምርመራ ነጻ መሆናችንን አሳይቷል፣ ደመወዜ ቢቀነስም ሥራዬ አለ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አትስጪው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ። ደብዳቤውን ከመጨረሻው ገጽ አትጀምሪ። ከትናንት ወዲያ ዓርብ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው እንደነበር ታውቂያለሽ፤ የሰጠሁትን መልስ ግን አብኔርም እናትሽም ከእኔ በፊት እንዳይነግሩሽ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። እናትሽ ሁለት ቀን ሙሉ አፏን ይዛ መቆየቷ ምን ያህል ትግል እንደጠየቃት ከእኔ በተሻለ ትገምቻለሽ። ጽፌ ስጨርስ ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ እንደሚያደክምሽም አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ይህ ነገር በእኛ ቋንቋ፣ በጽሑፍ፣ በቅደም ተከተሉ ሊነገርሽ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በስልክ የሞከርኩት እንደሆነ እናትሽ ከጎን ትገባለች፤ አንቺም «አይም ፋይን ዳድ» ብለሽ ትዘጊያለሽ።

አብኔር አንቺን እንዲያገባ ፈቃዴን ለሚጠይቁ ሽማግሌዎች ወዲያው መልስ መስጠት ሲገባኝ የአንድ ወር ጊዜ መጠየቄ እንዳሳዘነሽ ተረድቻለሁ። ምክንያቱን ጠይቀሽኝ ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ምክንያት ስላልነበረኝ አይደለም፤ ያልተረጋገጠ ነገር በሰው ስም ላይ መናገር ስለማልወድ ነው። አሁን ግን እነግርሻለሁ።

በኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ሰው በአንድ ቤት መሰብሰብ ስላልተፈቀደ በአካል የተገኙት ጋሽ ባዩ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ባዩን ታስታውሻቸዋለሽ፤ በአል ዓይን ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንጋፋው፣ ያልሸመገሉበት ሠርግ የሌለ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ አበራ ከዱባይ መሻገር ስላልቻሉ በስልክ ገቡ፤ ስልኩን ከውኃ ጠርሙስ ጋር አስደግፈን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። አብኔር ልማዱ እንደሚያዝዘው ከታች መኪናው ውስጥ ቆየ። ጋሽ ባዩ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆመው «ካልሰጡን አንቀመጥም» ካሉ በኋላ፣ ልጁን ማመስገን ጀመሩ።

«እንዴት ያለ ልጅ መሰለዎት አቶ ይስሐቅ! ሰው አክባሪ፣ ቀጠሮ አክባሪ! ዛሬ እንኳ እኔ አርፍጄ ተነሥቼ ‹በቃ ተዋረድን› ስል፣ ‹ግድ የለም ጋሽ ባዩ፣ ቀበቶዎን ብቻ ያጥብቁ› አለኝ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከአል ዓይን እደጅዎ! መኪናው መሬት መንካቱን እንጃ! ደርሰን እንዲያውም እታች ትንሽ ጠበቅን።»

አቶ አበራ ከስልኩ ውስጥ «አቤት ጉብዝና!» አሉ፤ ወዲያው ምስላቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቆ ቀረ።

ከአል ዓይን እስከ ቤታችን ያለውን ርቀት አውቀዋለሁ። ርቀትን ለጊዜ ማካፈልም አስቸጋሪ ሒሳብ አይደለም። የወጣው ቁጥር የተነገረኝ ለምስጋና ቢሆንም፣ በሥራዬ ላይ ባገኘው ኖሮ ቀይ ምልክት የማደርግበት ነበር። ከዚያ በኋላ የተባለውን በትክክል አልሰማሁም። በዚያ መንገድ ላይ፣ በዚያ ወንበር ላይ አንቺን ተቀምጠሽ እያየሁ ነበርና። ጥያቄያቸውን በአክብሮት እንደተቀበልኩ ገልጬ፣ እስከ ታኅሣሥ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንኩ።

እዚህ ላይ የእኔ ጉድለት አለ። በአገራችን ልማድ የልጅቱ አባት ጊዜ ሲጠይቅ የሚያስጠናው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ይታሰባል፤ ይኸውም ዘር ነው። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ባዩ በስልኬ ላይ ረጅም የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ የአብኔርን አባቶች እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረውልኛል። አዳማ ያሉት እናቱ አንድ አዛውንት አጎት ቀስቅሰው እንዳስቆጠሩ በኋላ ሰማሁ። በኀፍረት ደወልኩላቸው።

«ጋሽ ባዩ፣ እኔ የዘር ነገር አልጠየቅሁም። አልፈልግምም።»

«እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእናቱን ወገን ፈልገው ነው።»

በማግስቱ የእናቱን ወገን ላኩ። እናትሽ ሣቋ አላቆም ብሏት ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ግን የአንዲት እናት ልብ እንዳቆሰልኩ አውቄ ነበርና አልሣቅሁም። በዚያው ቀን አዳማ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ «ልጅ ያለው ይጠይቃል» ብቻ ነው ያሉኝ።

የምፈልገው ሌላ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ብቻ፣ ሽማግሌ ላለማስቀየም ብሎ ነው የፈጠነው ወይስ ልማዱ ነው? ልማዱ ከሆነስ ለምን? ደግሞስ ይለወጣል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳላገኝ «ሰጥቻለሁ» ማለት አልቻልኩም፤ «አልሰጥም» ማለትም ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል።

እናትሽ ይህን ስነግራት ያለችውን ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። «አውሮፕላኑ ሁሉ መሬት ተቀምጦ የምትመረምረው በረራ ሲጠፋ፣ ሙሽራ መመርመር ጀመርክ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ የምትፈራው መኪናውን ነው ወይስ የልጅቱን መሄድ?» አለች። ሁለተኛው ጥያቄ ከተያዘው ጉዳይ ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ አልሆነልኝም።

መኪናዬ ለጥገና ገብታ በነበረችበት ሳምንት አብኔር ለሥራ አቡ ዳቢ መጥቶ ነበር። እንደምታውቂው የማቀዝቀዣ ክፍሎችን ጥገና ይቆጣጠራል፤ በዚህ ዓመት ደግሞ ምግብም መድኃኒትም በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ስላለ ዕረፍት የለውም። ወደ አል ዓይን ሲመለስ አብሬው እንድሄድ ጠየቅሁት። በደስታ ተቀበለኝ።

ስለ አነዳዱ የምመሰክረው ነገር የለኝም፤ እንከን አልነበረበትም። ሁለት እጁን ከመሪው አላነሣም፣ ከተፈቀደው ፍጥነት አንዲት ነጥብ አላለፈም። ይህ ግን ምንም አያስረዳም። የሴት ልጅ አባት ከጎኑ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ራሱን አይደለም። ዓይኔን የፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ተክዬ በከንቱ ደከምኩ፤ የምፈልገውን ያገኘው ጆሮዬ ነው። ስልኩ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ ነበርና የሚደወልለትን ሁሉ ያለ ፈቃዴ ሰማሁ።

በመጀመሪያ የደወለችው ሐያት የምትባል፣ አል ማቃም በአንድ ቪላ የምትሠራ እህታችን ናት።

«አብኔር፣ የት ደረስክ? ማዳም እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው የፈቀደችልኝ። ለኢቃማው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ምርመራ ዛሬ ካላደረስከኝ ኸላስ፣ አበቃ፣ ለሌላ ሳምንት ነው።»

«መጣሁ ሐያትዬ፣ ሩብ ሰዓት ብትታገሺኝ ነው።»

ከአል ዓይን ገና ሩቅ ነበርን። ቀጥሎ አለቃው በእንግሊዝኛ ደወለ፤ አንድ መደብር ውስጥ ማቀዝቀዣ ቆሟል። «በሐበሻ ሰዓት ነው ወይስ በእኛ ሰዓት ነው የምትደርሰው?» ብሎ ሣቀ። አብኔርም አብሮት ሣቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ አየሁ። «በእናንተ ሰዓት፤ በአራት» አለው፤ በእኛ አሥር ማለት ነው። ከዚያ ኑሩ የሚባል ጓደኛው ደወለ። «ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ተገኝቷል፤ ሻንጣዬን የምታደርስልኝ አንተ ነህ። በአሥር ሰዓት በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ደግሞ ሳትበላ አትሄዳትም፣ ነግሬሃለሁ!»

«እሺ ኑራችን፣ እሺ።»

ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ቦታ፣ አንድ ሰዓት። ሦስቱንም «እሺ» አለ። እግሩ አልፈጠነም፤ አፉ ግን መንገዱን ቀድሞ ጨርሶት ነበር። እኔ ከጎኑ ባልኖር ኖሮ እግሩ ምን ያደርግ እንደነበር ለመገመት ምርምር አያስፈልግም።

የዚያን ዕለት ሦስቱም ተቀየሙት፤ በእኔ ምክንያት። እዚያው አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ አል ዓይን ኦአሲስ፣ ወደ ተምር ዛፎቹ ውስጥ ወሰደኝ። ጭንብላችንን እንዳደረግን፣ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ዳር በዝቅተኛው ግንብ ላይ ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን።

«አብኔር፣ ላስፈራህ አልመጣሁም» አልኩት። «በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ አብራሪ ስለ በረራው ሲጠየቅ፣ የሚናገረው ነገር እንደማይጎዳው በቅድሚያ ይነገረዋል። እኔም ለአንተ ያንኑ እልሃለሁ። ትፈጥናለህ?»

«ትናንት እኮ አልፈጠንኩም ጋሼ።»

«አይቻለሁ። እኔ ስለነበርኩ ነው።»

ከጭንብሉ ሥር ሣቀ። «እውነት ነው። እግሬ ደንዝዞ አደረ።» ከዚያ ጭንብሉን አስተካከለ። «እፈጥናለሁ። ሁልጊዜ።»

«ትወደዋለህ?»

«ኧረ በፍጹም! እንደ ጎረምሶቹ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎት።»

«ቅጣቱስ? ራዳሩስ?»

«ራዳሩን ለምጄዋለሁ፤ እያንዳንዱ የት እንደቆመ አውቃለሁ። አጠገቡ ስደርስ እቀንሳለሁ፣ ካለፍኩት በኋላ እጨምራለሁ። ጋሼ፣ ራዳር አይቀየምም እኮ። የሚቀየመው ሰው ነው።»

«ታዲያ ‹አልችልም› ብትልስ?»

«ለማን ልበል?» አለኝ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ለሐያት? ከግቢ የምትወጣው ስንት ቀን ሆኖ? ለአለቃዬ? ሐበሻና ሰዓት እያለ ሊስቅብኝ? ለኑሩ? ግንቦት ላይ ኮሮና ይዞኝ በር ተዘግቶብኝ ሳለሁ፣ ያን ሁሉ ቀን ምግብ በር ላይ እያስቀመጠ አንኳኩቶ የሚሸሸው እኮ እሱ ነበር። እነዚህን ሰዎች ‹አልችልም› ብል ምን ይሉኛል? እስካሁን አንድም ሰው አስቀይሜ አላውቅም ነበር።»

ሰው ላለማስቀየም ሲል ሰው ሊገድል ወይም ሊሞት እንደሚችል አልነገርኩትም። ያውቀዋል። ሰምቶ የማያውቀውን ነገር ለማግኘት እያሰብኩ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ ከሁሉም ይበልጥ ማርፈድ የሚፈራው ማን ዘንድ እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደሚወርደው ውኃ አዞረ።

«ብናገር ትቀየመኛለች።»

«ማን?»

«ሳምራዊት።»

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ እባክሽ በዚህ መንፈስ አንብቢው። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ፣ በእናንተ ሰዓት ከመሸ በኋላ እንደምትነጋገሩ ነገረኝ። መኪና ውስጥ ሆኖ እንዲያናግርሽ አለመፍቀድሽ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ይሁን እንጂ ለዚህ ሲል ቤቱ ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «እሺ» ሲል ያጠራቀመው መዘግየት ሁሉ የሚከፈልበት መንገድ ነው። አንድ ምሽት አርፍዶ ደውሎ አላነሣሽለትም። በማግስቱ «ሰዓቴን ያላከበረ እኔን አላከበረኝም» አልሽው። ዓረፍተ ነገሩን ሲነግረኝ ወዲያው ለየሁት። በማን ቤት እንዳደገም አውቃለሁ። ስለው የኖርኩት እኔው ነኝ።

ልጅ ሳለሽ «አባቴ አውሮፕላን ይሰልላል» እያልሽ ለጓደኞችሽ ትናገሪ ነበር፤ የምሠራውን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም መሰለኝ። በረራውን ከሚመዘግበው የአውሮፕላኑ መቅጃ የወጣውን ቁጥር አነባለሁ። ከቁጥሮቹ መካከል ለዓመታት ያስቸገረን፣ ለማረፍ ሲወርዱ ከሚገባው በላይ ፈጥነው የሚገቡ አብራሪዎች ጉዳይ ነበር። እንዲህ ያለው አብራሪ ማረፉን ትቶ ወደ ላይ መውጣትና ዞሮ እንደገና መሞከር አለበት። ሁሉም ያውቀዋል፤ የማያውቅ አብራሪ የለም። ግን አያደርጉትም ነበር። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ ደብዳቤው ያመጣው ለውጥ ቢኖር መደበቅን ማስተማሩ ነው። በመጨረሻ ቁጭ ብለን ስንጠይቃቸው የሚፈሩት መሬቱን አልነበረም። ከአለቆቻቸው የሚመጣውን ጥያቄ ነበር፤ «ለምን ዘገየህ?» የሚለውን። መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር አወጀ፤ ዞሮ የተመለሰ አብራሪ ምክንያቱን እንዲያስረዳ በማንም አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነት አገባብ ቀነሰ። ጠፋ አላልኩሽም፤ ቀነሰ።

ስለዚህ በፈጣን ነጂ ሁሉ ላይ አንድ ሕግ ማውጣት አልችልም። ለደስታው የሚፈጥን አለ፤ በንቀት የሚፈጥንም አለ። የአብኔርን ዓይነት ግን አውቄዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ሲነዳ የሚያየው መንገዱን አይደለም፤ የሚጠብቁትን ሰዎች ፊት ነው። ይህን ሰው ራዳር አይለውጠውም። ሊለውጠው የሚችል ነገር ካለ፣ ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል አንዱ ቀድሞ እንዲዘገይ ቢፈቅድለት ነው።

እኔ ከሚጠብቁት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ «ሽማግሌዎቹ ለመልስ የሚመጡት ዓርብ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ነው። ብትዘገይ በእኔ ቤት ‹ለምን› የሚልህ የለም። ከመነሣትህ በፊት ደውልልኝና ንገረኝ፤ በቃ።»

«ሽማግሌ ይዤ? በዚያ ቀን?» ዓይኖቹ ፈጠጡ። «ጋሼ፣ ይቀልዳሉ።»

ቀልድም ፈተናም እንዳልሆነ ነገርኩት። ለእኔ ግን በልቤ ፈተና እንደነበር አልክድሽም።

እናትሽ አልተስማማችም። «አርፍዶ ለመጣ ሽማግሌ ልጅ ይሰጣል? ሰው ምን ይላል?» አለች። «ሰው ምን ይላል» ስትል እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሣችውም።

ዓርብ ዕለት እናትሽ የጾም ምግብ አሰናድታ፣ እኔ ከረባቴን አስሬ ተቀመጥን። አቶ አበራን በስልክ አገናኝተን ከጠርሙሱ ጋር አቆምናቸው። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አብኔር ደወለ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። እ... ገና አል ዓይን ነን። እንዘገያለን።»

መልስ ሳልሰጥ የጋሽ ባዩ ድምፅ ከኋላው ተሰማኝ። «ምን ‹እንዘገያለን› ይላል! ጋቢዬን ስፈልግ ትንሽ ብቆይ ነው። ንዳው እንጂ! ባለፈው እንዴት አደረግከው?»

«ጋሽ ባዩ፣ አይሆንም።»

«ምን አልከኝ?»

«አይሆንም አልኩ። ዛሬ በልኩ ነው የምንሄደው።»

«ለእኔ ነው አይሆንም የምትለው? ሚስት ልጠይቅልህ በተነሣሁ? በል ክፈተው፣ እወርዳለሁ!»

«ከወረዱ ቤትዎ እመልስዎታለሁ፤ እኔም እቀራለሁ። አልፈጥንም ግን።»

ከዚያ የመኪና በር ድምፅ ሰማሁ። የተከፈተ ይሁን የተዘጋ መለየት አልቻልኩም። ስልኩም ተቋረጠ።

መልሼ አልደወልኩም፤ እየነዳ ከሆነ ማናገር የለብኝም፣ ካልነዳም የምሰማውን ፈራሁ። የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ይህ ልጅ ሰው አስቀይሞ የማያውቅ ሆኖ ሳለ፣ አንቺን ሊያስገኝለት የሚችለውን ብቸኛ ሰው በዚያ ሰዓት ማስቀየሙን ነው። አራት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። እናትሽ ምግቡን ሸፈነችው። አቶ አበራ ከስልካቸው «ምነው፣ የኔ ኔትወርክ ነው ወይስ ሰው የለም?» እያሉ ይጠይቃሉ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍልሽም። አንድ ነገር ብቻ እነግርሻለሁ፤ የሚጠብቅ ሰው፣ ቃሉን የሰጠ እንኳ ቢሆን፣ በሆዱ «ቶሎ በሉ» ይላል። እኔም ብያለሁ።

የጁምዓ ጸሎት ሰዓት ሲቃረብ መኪናዋ ቀስ ብላ ገባች። በመጀመሪያ የወረደ ሰው አልነበረም። ከዚያ የኋላው በር ተከፈተና ነጭ ጋቢ አየሁ።

ጋሽ ባዩ ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ፊታቸው እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጡም። «አቶ ይስሐቅ፣ አዋርዶኛል! በዕድሜዬ አርፍጄ ሽምግልና ገብቼ አላውቅም። የጭነት መኪና ሳይቀር አለፈን፤ የዶሮ መኪና፣ ጌታዬ፣ ዶሮዎቹ እያዩን! ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ‹አይሆንም› ብቻ። እንዲህ ያለ ግትር! እኔ ብሆን ልጄን ለዚህ አልሰጥም!»

«ባዩ!» አቶ አበራ ከጠርሙሱ ሥር ጮኹ። «ምን እያልክ ነው ሰውዬ? እኛ እኮ ጠያቂዎቹ ነን!»

ጋሽ ባዩ ያሉትን ሲሰሙት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ገና አልተቀመጡም ነበር።

«ይቀመጡ ጋሽ ባዩ» አልኳቸው። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሳምራዊት፣ መልሴ ይህ ነው።

እናትሽ እልል አለች፤ የጎረቤታችን በር ሲከፈት ሰማሁ። ጋሽ ባዩ እስካሁን ምን እንደተደረገ የገባቸው አይመስለኝም፤ ሲመርቁ ሳይቀር በጥርጣሬ ያዩኝ ነበር። ምርቃቱ ሲያልቅ ብቻዬን ወደ ታች ወረድኩ። አብኔር ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሞተሩ ጠፍቷል።

«ጋሽ ባዩ ምን አሉ?» አለኝ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም።

«እንዳልሰጥህ መከሩኝ።»

«አውቄዋለሁ።»

«እኔ ግን ምክራቸውን አልተቀበልኩም።»

ሁለት እጁን ከመሪው አነሣ። ከዚያ ያለውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ አድርጌ የያዝኩት እሱን ነውና። «ጋሼ፣ ጠዋት ሐያት ደውላ ነበር፤ እግረ መንገድህን አድርሰኝ ብላ። አልችልም አልኳት። ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹እሺ፣ ነገ› አለች። በቃ። እንዲሁ ‹እሺ፣ ነገ›።» ይህን ሲነግረኝ በሕይወቱ ሲፈራው የነበረ ውሻ ጅራቱን ሲቆላለት ያየ ሰው ይመስል ነበር።

የተጋነነ ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። አንድ ጉዞ ማስረጃ አይሆንም። ልማድ በአንድ ዓርብ አይለቅም፤ ይህ ልጅ ተመልሶ የሚፈጥንበት ቀን ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ፈቃዴን የሰጠሁት ለተለወጠ ሰው አይደለም። «እሺ» የምትለው ቃል ምን እንደምታስከፍል ላየ፣ የሚወደውን የሚያሳጣው መስሎት እንኳ አንድ ጊዜ «አይሆንም» ላለ ሰው ነው። የቀረው ሥራ የእኔ አይደለም፤ የአንቺ ነው። አርፍዶ ሲደውል «ለምን?» ከማለትሽ በፊት «እንኳን ደህና ገባህ» በይው። ይህን ከእኔ አልተማርሽውም፤ እኔም ገና መማሬ ነው።

ትምህርትሽን ጨርሰሽ፣ በረራው ተከፍቶ ስትመጪ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ከአየር ማረፊያው መውጫ በር ላይ አታገኚኝም። የሚቀበልሽ አብኔር ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ አስቤበታለሁ። እኔ እቤት ሆኜ እጠብቃለሁ። መንገድ ላይ የምታቆሙበት ጉዳይ ካለ አቁሙ፤ የምትበሉት ካለ ብሉ። ሰዓት አልቆጥርም። መስኮቱ አጠገብ ብታዪኝ፣ አየር ለመቀበል ነው።

መውጫሽና መግቢያሽ የተጠበቀ ይሁን። የምትሄጂበት መንገድ የማያስቸኩልሽ፣ የሚጠብቅሽም ሰው የማያስጨንቅሽ ይሁን። የአባትሽና የእናትሽ ምርቃት ካለሽበት ይድረስሽ።

አባትሽ
ይስሐቅ ወልደጊዮርጊስ